ግማሽ ሚሊ ሊትር

በርኒ ወደብ ነው፤ ክሊኒኩ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣
የእንጨት ፍቅፋቂ ክምር የሚታይበት መስኮት።
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ፣
ሸሚዜን እስከ ደረቴ ወደ ላይ ሰበሰብኩ።
ኔሪዳ በጣቷ ሆዴን ፈልጋ ፈልጋ፣
"ባለፈው እዚህ ነበረች፤ ማን ወሰዳት እዚያ ጋ?"

ከጎድኔ ግርጌ አንዲት በር አለችኝ፣
የኮት ቁልፍ የምታክል፣ ሐኪም የሰፋልኝ።
ከእሷ የሚነሣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ
ያገኘዋል ቀለበቱን፣ የጨጓራዬን አንገት የያዘውን ከቦ።
ውኃ ሲጨመርበት ያብጣል፣ ይጠባል፤
ውኃ ሲቀዳለት ይላላል፣ ይሰፋል።
ጥበቡ ይኸው ነው።
ሲነገር ያጥራል፣ ሲኖሩት ይረዝማል።

እኔ ፒያኖ ቃኚ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት
በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየትምህርት ቤት
የብረት ችንካር ሳዞር፣ ክር ሳከር፣ ሳላላ፤
አውቃለሁ፦ እጅ ይቀድማል፣ ጆሮ ይደርሳል ኋላ።

መጀመሪያ ሆባርት ነበር፤ ዶክተር ትሬሎር በራጅ ያዩኛል፣
ኖራ ኖራ የሚል ነጭ ፈሳሽ ያጠጡኛል።
ምስሉ ላይ ፈሳሹ ይወርዳል፣ እንደ ቀጭን ጅረት፣
ቀለበቱ ዘንድ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ዘግየት፣
ከዚያ ጠብ፣ ጠብ።
"ቆንጆ ነው" ይላሉ። ጠይቀውኝ አያውቁም ስለ ረኃብ።

እኔም ችኩል ነበርኩ። "ይጨመር" እላለሁ።
በጠበበ ቁጥር፣ እላለሁ፣ እከሳለሁ።

ጠበበ።
ሥጋው ደጅ ሲጠና ውሎ ተመለሰ እንደ መጣ፤
ሌሊት በተጋደምኩበት አፌን ሞላው ኮምጣጣ።
ዊንያርድ፣ አንድ አዛውንት ተቀብረው፣ ምሳ ቀርቦ በአዳራሽ፣
ተቀረቀረችብኝ አንዲት የዶሮ ቁራሽ።
እንባዬ ዱብ ዱብ እያለ፣ ጓሮ ወጥቼ ሳጎነብስ፣
መበለቲቱ ተከተለችኝ ጀርባዬን ልትደባብስ፤
"ይህን ያህል ትወደው ኖሯል?" አለችኝ።
ሰውየውን አላውቀውም።
የማውቀው ፒያኖውን ነው። እሱንም አልነገርኳትም።

የከረረ ይበጠሳል ይባላል። እኔ ግን አልተበጠስኩም፣ ሾለክሁ።
ካሮት ከደጅ ሲመለስ፣ ዳቦ መሐል መንገድ ሲያለቅስ፣
ቫኒላ አይስ ክሬም ሰተት ይላል፣ እንደ ቤተ ዘመድ፣ እንደ ንጉሥ።
በዚያ በጠበበው ክረምት ነው ሰባት ኪሎ የጨመርኩት፣
በሌሊት፣ በማንኪያ፣ ከማቀዝቀዣው ፊት ቆሜ፣ እንደ ጸሎት።

ኔሪዳ ራጅ የላትም። አንድ ደብተርና ሦስት ጥያቄ።
"በልተህ ስንት ሰዓት ትቆያለህ?
ሌሊት ታስላለህ?
ብቻህን ስትሆን ምን ትበላለህ?"
ሁለቱን መለስኩ። ሦስተኛው ላይ ዝም።
እሷም ዝም አለች። ብዕሯን አላነሣችም።

"ዛሬ አልጨምርም፣ እቀዳለሁ" አለች። "ግማሽ ሚሊ ሊትር።"
"እወፍራለሁ!" አልኩ፤ አፌ ሲንተባተብ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ።
ግማሽ ሚሊ ሊትር! አሥር ጠብታ! የድመት እንባ!
"ትንፋሽህን ያዝ፣ አልዊን።" መርፌው ገባ።
ውኃው ወደ መስተዋቱ ወጣ፣ ጥርት ያለ፣
ጨዋማ፣ እንደዚያ ከመስኮቱ ውጭ እንዳለ።

"ተነሥ። ጠጣ። ስማው።"
ብርጭቆውን ይዤ ጠጣሁ። ከደረቴ ሥር
አንዳች ነገር ቀስ ብሎ ወረደ፣ ሳያንኳኳ በር።

ፒያኖ ላይ ፍጹም ቅኝት የለም፤ ይህን ለማንም አልናገርም።
አንዱን ክር ንጹሕ ካደረጉት ሌላው ይጮኻል፣ አይስማማም።
ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይሸነፋል፤ ዜማው ያኔ ይመጣል።
ለሰው ዕቃ አውቃለሁ ይህን። ለራሴ ግን ማን ይነግረኛል?

በመጀመሪያው ሳምንት አልከሳሁም። በሁለተኛውም።
በሦስተኛው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ እንቁላል፣ ግማሽ ዳቦ፣
አላምጬ፣ አላምጬ፣ ወረደ፤
ማንኪያውን አስቀመጥኩ።
"በቃኝ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ፤
ደነገጥኩ በራሴ ድምፅ።

አይስ ክሬሙ እዚያው አለ፤ አልዋሽም።
ግማሹ ተበልቷል።
የፊታችን ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። ሸሚዜን ከመሰብሰቤ በፊት
ሦስተኛውን ጥያቄ እመልሳለሁ።